ስም የሌለው ኮከብ፦ የጦር ሜዳዮችና የጋምቤላ ታሪክ

(በጋምቤላ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለነዋሪዎች ክፍት በሆነ መድረክ በቃል የቀረበ ንግግር። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ብዙዎቻችሁ በአያቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ ወይም በአሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ያያችሁት ነገር ነው፤ የጦር ሜዳይ። እንዲህ ያለውን ዕቃ እንዴት እንለያለን? ለታሪክ ጥናት ምን ይነግረናል? የማይነግረንንስ ከየት እናገኘዋለን? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከክልላችን ታሪክ ጋር እያገናዘብሁ ለማየት እሞክራለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ ግን አንድ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከሃያ ዓመት በፊት፣ ገና ወጣት መምህር ሳለሁ፣ የቃል ታሪክ ለመሰብሰብ በባሮ ዳርቻ ወደምትገኝ አንዲት መንደር ሄጄ ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ የአኙዋ እናት በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አምጥተው በመዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ስፈታው ባለ ስድስት ጫፍ፣ ቢጫማ የመዳብ ቅይጥ ኮከብ ነው። በመካከሉ ዘውድና የንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ምልክት፣ በዙሪያው ደግሞ «የአፍሪካ ኮከብ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለበት። ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ ባዶ ነው። እናቲቱ «አባቴ በጣሊያን ጊዜ ያገኘው ነው» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ አቋረጥኋቸው። «ይህ በብዙ ቁጥር የተሠራ የእንግሊዝ ሜዳይ ነው፤ ስም ስላልተጻፈበት የማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም» አልሁ። አስተርጓሚዬ የነበረው ወጣት ጥቂት አመነታና ተረጎመላቸው። እርሳቸውም ምንም ሳይሉ ዕቃቸውን መልሰው ጠቀለሉ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ወደዚያችው መንደር ተመለስሁ። እናቲቱ ዐርፈዋል። ልጃቸው እንደነገረችኝ ኮከቡን አንድ መንገደኛ ነጋዴ በአንድ ጆንያ በቆሎ ዋጋ ወስዶታል። «እናቴ ‹የተማረው ሰው የማንም አይደለም ብሏል› ብላ ሸጠችው» አለችኝ። ይህቺን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። የዛሬው ንግግሬም በአንድ በኩል ለእርሷ የምሰጠው የዘገየ መልስ ነው።

ኒሻን፣ ሜዳይ፣ ለምድ

ስለ ቃላቱ በአጭሩ እንነጋገር። በልማድ ደረት ላይ የሚንጠለጠለውን ሁሉ «ኒሻን» እንለዋለን። ቃሉ ከፋርስ ተነሥቶ በቱርክና በዐረብ በኩል የተሠራጨ ሲሆን ትርጉሙ «ምልክት» ማለት ነው። በመንግሥት ሥርዓት ግን ኒሻንና ሜዳይ ይለያያሉ። ኒሻን ደረጃ ያለው የክብር ማዕረግ ነው፤ እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን ወይም እንደ ኢትዮጵያ የክብር ኮከብ። ሜዳይ ግን በአንድ ዘመቻ ለተሳተፈ፣ ወይም አንድ ጀብዱ ለፈጸመ ሰው የሚሰጥ ነው። ባለ ኒሻኑ ብዙውን ጊዜ በስሙ ይታወቃል፤ ማኅደርም አለው። የዘመቻ ሜዳይ ግን ለሺዎች ይታደላልና ተሸካሚውን መለየት እጅግ ይከብዳል።

ከአውሮፓ የመጣው ይህ ልማድ በዐፄ ዮሐንስ 4ኛና በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሥር ከመስደዱ በፊት ጀግና በለምድ፣ በጎፈር፣ በብር በተለበጠ ጋሻና በጎራዴ ይሸለም ነበር። ሽልማቱ ላይ ጽሑፍ አልነበረም። ጽሑፉ ፉከራው፣ ቀረርቶውና የአዝማሪው ግጥም ነበር። ሸላሚና ተሸላሚ በአደባባይ ይተያያሉ፤ ሕዝቡ ይመሰክራል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ዕቃውና ቃሉ አብረው የሚኖሩበት ባህል ከሜዳዩ ይልቅ የቆየ ነው።

እዚሁ በክልላችንም ከዚህ የሚቀራረብ፣ ምናልባትም የበለጠ የረቀቀ ሥርዓት አለ። በአኙዋ መሳፍንት፣ ማለትም በኒዬዎች ዘንድ፣ የሥልጣን ምልክት የሆኑ ጥንታዊ የዶቃ ሐብሎች፣ ጦሮችና መቀመጫዎች ነበሩ። አንትሮፖሎጂስቱ ኤድዋርድ ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በ1940 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የአኙዋ የፖለቲካ ሥርዓት ጥናት እንዳሳየው፣ እነዚህን ምልክቶች በሥርዓቱ ያልለበሰ መስፍን ለልጆቹ የመሳፍንትነት መብት ማውረስ ይቸግረው ነበር። ዶቃው ያለ ታሪኩ ዶቃ ብቻ ነው፤ ማን ከማን እንደተቀበለው ሲነገር ግን መንግሥት ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ የሙዚየም ባለሙያዎች ዛሬ «የዕቃው የመጣበት ሐረግ» የሚሉትን ነገር የአኙዋ ሽማግሌዎች ከእኛ በፊት ያውቁት ነበር።

አራት መንግሥታት የተገናኙበት ወደብ

በጋምቤላ የሚገኙ የጦር ዕቃዎች ለምን ይህን ያህል ዓይነታቸው በዛ? መልሱ ከባሮ ወንዝ ጋር የተያያዘ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር፣ በኢታንግ አቅራቢያ፣ በወንዙ ላይ ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ፈቀዱ። ውሉ ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል በግልጽ ይከለክላል። ከዚህ ተነሥታ የተቆረቆረችው ከተማ በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም በሚመጡ መርከቦች ቡና እየላከች፣ ጨርቅና ጨው እየተቀበለች ኖረች። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገሪቱን ወረረ፤ በ1933 ዓ.ም. የእንግሊዝና የቤልጂየም ኮንጎ ጦር ከተማዋን ያዘ። ጣቢያው ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ ጥቅምት 5 ቀን 1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

ለንግድ ብቻ ተብሎ የተሰጠ መሬት እንግዲህ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የኢትዮጵያን፣ የእንግሊዝንና የግብፅን ሱዳን፣ የጣሊያንንና የቤልጂየም ኮንጎን ወታደር አየ። እያንዳንዱም ሜዳዩን፣ ቋንቋውንና የዘመን አቆጣጠሩን ይዞ መጣ። አንዲት ምሳሌ ልስጣችሁ። ጋምቤላ ከጣሊያን እጅ የወጣችበት መጋቢት 1933 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 1941፣ በሂጅራ 1360፣ በፋሽስቶች አቆጣጠር ደግሞ 19ኛው ዓመት ነው፤ ይህንንም ጣሊያኖች በሮማውያን አኃዝ ይጽፉት ነበር። በአንድ ሜዳይ ላይ «፲፱፻፴፫» የሚል አኃዝ ያየ የውጭ አገር ሰብሳቢ ዕቃውን ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ ከወረራው በፊት የተሠራ ሊያስመስለው ይችላል። እኛ ግን እንዲህ ያለውን ስሕተት የምንሠራበት ምክንያት የለንም። አቆጣጠሩን ለይቶ ማወቅ የመለየት ሥራ የመጀመሪያው በር ነው።

ሁለት ጠባብ የብር ሰሌዳዎች

አሁን ወደ አንድ የተወሰነ ሜዳይ እንምጣ። የ1910 (እ.ኤ.አ.) የከዲቩ የሱዳን ሜዳይ ለግብፅ ጦርና በእርሱ ሥር ለነበሩ የሱዳን ወታደሮች እንዲሁም ለእንግሊዛውያን መኮንኖች የሚሰጥ ነበር። የመጀመሪያው እትም በአንድ ገጹ የከዲቩ የዐረብኛ መለያ ምልክትና 1328 የሚል ዓመተ ሂጅራ አለው፤ በሌላው ገጹ አንበሳ ቆሟል። ተሸላሚው የተሳተፈበት ዘመቻ ስም በእንግሊዝኛና በዐረብኛ በተቀረጸበት ጠባብ የብር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ በጥብጣቡ ላይ ይደረጋል። እነዚህ ሰሌዳዎች 16 ናቸው። ከእነርሱ ሁለቱ የእኛን ሕዝቦች ይመለከታሉ።

የመጀመሪያው «ሱዳን 1912» ይላል። የተሰጠው በመጋቢት 1904 ዓ.ም. በሻለቃ ሌቭሰን መሪነት በአዶንጋ አኙዋ ላይ ለተደረገው ዘመቻ ነው። የዘመቻው ምክንያት የመስፍኑ የአክዌይ ዋ ቻም ኃይል መጠናከር ነበር። አክዌይ በዝሆን ጥርስ ንግድ ከኢትዮጵያ በኩል የገባ ብዙ ጠመንጃ አከማችቶ ነበር። የአኙዋ ተዋጊዎች በዚያ ውጊያ በርካታ መኮንኖችንና ከ40 በላይ ወታደሮችን ገደሉ፤ ዘመቻውም ግቡን ሳይመታ ቀረ። እንግዲህ ሰሌዳውን ተመልከቱት። «አኙዋ» አይልም፤ «አዶንጋ»ም አይልም። የአገሪቱን ስምና ዓመቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ይህን ሜዳይ በእጁ የያዘ ሰው፣ ከሌላ ምንጭ ካልደረሰበት በቀር፣ ከማን ጋር እንደተዋጉና ማን እንዳሸነፈ አያውቅም።

ሁለተኛው «ጋርጃክ ኑዌር» ይላል። ከ1919 እስከ 1920 (እ.ኤ.አ.) በምሥራቅ ጂካኝ ኑዌር ወገን በሆኑት በጋጃኮች ላይ ለተካሄደው ዘመቻ የተሰጠ ነው፤ በዚያ ዘመቻ አውሮፕላንም ተሳትፏል። ጋጃኮች ዛሬም በክልላችን ምዕራባዊ ወረዳዎችና ከድንበሩ ማዶ ይኖራሉ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጣችሁ አንዳንዶቻችሁ የእነርሱ የልጅ ልጆች ናችሁ። ስማችሁ በካይሮና በለንደን ሰዎች ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ያውም ተሳስቶ። እንግሊዛውያን በአነጋገራቸው የማይሰማውን የ«ር»ን ፊደል ጨምረው ስለጻፉት በሰሌዳው ላይ «ጋጃክ» የሚለው ስም «ጋርጃክ» ሆኖ ቀርቷል። ይህ የፊደል ስሕተት ለእኛ መረጃ ነው። ስሙን የጻፈው ሰው ሕዝቡን የሰማው በአስተርጓሚና በሪፖርት እንደነበር ይጠቁመናል።

ሁለቱን ሰሌዳዎች ጎን ለጎን ስታኖሯቸው የዘመቻ ሜዳይ ባሕርይ ግልጽ ይሆናል። ሜዳይ የሰጪውን አመለካከት ይመዘግባል። የሚሰይመውም ሆነ የማይሰይመው በሰጪው ፈቃድ ነው። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ሜዳይን እንደ አዋጅ ወይም እንደ ጋዜጣ ጽሑፍ ሊያነበው ይገባል፦ ማን ጻፈው? ለማን? ምን ተወ?

1933 ዓ.ም. በባሮና በሳዮ

የእናቲቱ ኮከብ ወደመጣበት ዘመን እንመለስ። ጣሊያን በሰኔ 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ካወጀ በኋላ ይህ ድንበር የጦር ግንባር ሆነ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. አጋማሽ ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ የተባለው የእንግሊዝ የአፍሪካ ጦርና የቤልጂየም ኮንጎ ወታደሮች ጋምቤላን ያዙ። ኮንጎዎቹ ሱዳንን አቋርጠው፣ ከብዙ ተሸካሚዎች ጋር፣ ረጅምና አድካሚ ጉዞ አድርገው ነው እዚህ የደረሱት። ቀደም ብለው አሶሳን ይዘው ነበር፤ ከጋምቤላ በኋላም ወደ ደጋው፣ ዛሬ ደምቢ ዶሎ ወደምንላት ወደ ሳዮ ወጡ። ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. ጄኔራል ፒየትሮ ጋዜራ ለቤልጂየሙ ጄኔራል ኦጉስት ጊሊየር እጁን ሰጠ። ዝናቡ፣ ረኃቡ፣ በዙሪያው የነበሩ አርበኞችና ከሁለት አቅጣጫ የመጣው ጦር ተደምረው ነው ለዚያ ያበቁት።

ስለዚህ ዘመቻ በኛ መማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው ጥቂት ነው። በኪንሻሳ ግን ጋምቤላ የሚባል ገበያ አለ፤ ሳዮና አሶሳ የሚባሉ መንገዶችም አሉ። በኪንሻሳ ጋምቤላ ገበያ ቲማቲም የሚገዛ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ ላያውቅ ይችላል። የኮንጎ ወታደር ወደ ኢትዮጵያ ከመጣ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ሳይሞላ፣ በ1960 (እ.ኤ.አ.)፣ የኢትዮጵያ ጠቅል ብርጌድ በተባበሩት መንግሥታት ሥር ወደ ኮንጎ ሄደ። በዚያ ያገለገሉ ወታደሮቻችንም የተባበሩት መንግሥታትን ሜዳይ ይዘው ተመልሰዋል። የሁለቱ አገሮች ሜዳዮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጡ አንድ ረጅም የታሪክ ምዕራፍ ይሆናሉ።

ከመደበኛው ጦር ሌላ የአካባቢው ሰዎችም ተዋግተዋል። ቀደም ሲል የጠቀስሁት ኢቫንስ-ፕሪቻርድ በዚያ ጦርነት የሱዳን ረዳት ጦር መኮንን ሆኖ ጥቂት የአኙዋ ታጣቂዎችን በጊሎና በአኮቦ ወንዞች አካባቢ እየመራ የጣሊያንን ጦር ጣቢያዎች ያውክ ነበር። ያንን ዘመቻ የተመለከተ ጽሑፉ የታተመው በ1973 (እ.ኤ.አ.) ነው። መኮንኑ ታዋቂ ምሁር ስለነበር ዘመቻው ተጽፎ ቀረ። አብረውት የተኮሱት፣ መንገድ የመሩት፣ ጀልባ የቀዘፉት ሰዎች ታሪክ ግን በመንደሩ አንደበት ነው የሚኖረው። ሜዳይ የደረሰው አለ፤ ያልደረሰውም አለ።

አሁን ወደ «ስም የለበትም» ወደሚለው ፍርዴ ልምጣ። እንግሊዞች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሜዳዮች ጠርዝ ላይ የወታደሩን ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ስምና ክፍል ይቀርጹ ነበር። በሁለተኛው ጦርነት ኮከቦች ላይ ግን ይህን ልማድ ተዉት። ስም የተቀረጸባቸው እንደ ደቡብ አፍሪካ፣ አውስትራሊያና ሕንድ ባሉ አገሮች የታደሉት ናቸው። የአፍሪካ ኮከብ በኢትዮጵያ ምድር ከሰኔ 1932 እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ለተደረገው አገልግሎትም ይሰጥ ነበር። ስለዚህ የእናቲቱ አባት ኮከብ ጀርባ ባዶ መሆኑ ትክክለኛነቱን የሚደግፍ እንጂ ዋጋውን የሚቀንስ አልነበረም። እኔ እንደ ጉድለት የቆጠርሁት ነገር የዕቃው መደበኛ ጠባይ ነበር። ዕቃው ስም ሊነግረኝ ስላልቻለ ነበር ይበልጥ ወደ እናቲቱ ጆሮዬን መስጠት የነበረብኝ። የት ተዋጋ? ከማን ጋር? መኮንኑ ማን ይባላል? ስንት ዝናብ ቆየ? ኮከቡን ማን አመጣለት? አንዱንም አልጠየቅሁም።

የኢትዮጵያ መንግሥት ራሱ ከድል በኋላ የሰጣቸው ሜዳዮች በዚህ ረገድ የተሻለ ነገር ይዘዋል። የአርበኝነት ሜዳይ በጥብጣቡ ላይ አርበኛው በበረሃ የቆየበትን ዘመን የሚያመለክቱ ዘንባባዎች ይደረጉበታል። «ባለ አምስት ዘንባባ» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው፤ አምስቱን ዓመት ሙሉ ያልገባ፣ ያላደረ ማለት ነው። ዘንባባውን መቁጠር ብቻ የአንድን ሰው የአምስት ዓመት ሕይወት ያስነብባል። ሆኖም ዘንባባዎቹ የሚነቀሉና የሚጨመሩ ናቸው። ስለዚህ እዚህም የቤተሰቡ ቃልና የምስክር ወረቀቱ ከሜዳዩ ጋር አብረው ሊታዩ ይገባል።

እንዴት እንለያለን?

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ የአሠራር ጥያቄ ነውና በቅደም ተከተል ላስረዳ።

አንደኛ፣ አትወልውሉ። በብርና በነሐስ ላይ የሚታየው የጠቆረ ልባስ የዕድሜ ምስክር ነው። በሎሚ፣ በአመድ ወይም በብረት ማጽጃ የታሸ ሜዳይ ያብረቀርቃል፤ ነገር ግን ስስ የሆኑት የቅርጽ መስመሮችና የጠርዝ ጽሑፎች ይጠፋሉ። የጠፋው አይመለስም።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉንና አቆጣጠሩን ለዩ። ግእዝ ነው፣ ዐረብኛ ነው፣ ላቲን ነው? እዚህ ላይ ቋንቋ ብቻውን እንደማይበቃ አስታውሱ። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ጦር በላኩ አገሮች ቋንቋዎች ሲሠራ በአማርኛም ተሠርቷል፤ ቃኘው ሻለቃዎች ያገኙት እርሱን ነው። አማርኛ ጽሑፍ ያለበት ሁሉ የኢትዮጵያ መንግሥት የሰጠው ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ ጥብጣቡን ተመልከቱ። የጥብጣብ ቀለም እንደ ባንዲራ ነው። በአፍሪካ ኮከብ ጥብጣብ ላይ የአሸዋ መልክ ያለው መደብ በረሃውን፣ በመካከሉ ያለው ቀይ ምድር ጦሩን፣ ጥቁር ሰማያዊው ባሕር ኃይሉን፣ ውሃ ሰማያዊው አየር ኃይሉን ያመለክታሉ። ነገር ግን ጥብጣብ ያረጃል፣ ይለወጣል፤ አሮጌ ሜዳይ በአዲስ ጥብጣብ፣ ሐሰተኛ ሜዳይ በአሮጌ ጥብጣብ ሊቀርብ ይችላል።

አራተኛ፣ ጠርዙንና ማንጠልጠያውን መርምሩ። እውነተኛው ሜዳይ በብረት ቅርጽ በኃይል ተመትቶ የሚወጣ ስለሆነ ፊደሎቹ ስለታም ናቸው። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ቅጂ ግን ፊደሎቹ የደነዙ፣ ፊቱ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳ፣ በጠርዙም የመጋጠሚያ መስመር ያለበት ይሆናል። የሠሪው ምልክት ካለም አንብቡት። ለምሳሌ በአዲስ አበባ የነበረው የአርመናዊው ወርቅ ሠሪ የሴቫጂያን ስም በኒሻን ማኅደሮች ላይ ይገኛል።

አምስተኛ፣ አብሮ የመጣውን ሁሉ ጠብቁ። ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ፣ የደመወዝ ደብተር፣ የጥይት ቀለሃ፣ ጠመንጃም ቢሆን። አባቶቻችን ጠመንጃን በስም ለይተው ያውቁት ነበር፤ ውጅግራ፣ ሰናድር፣ አልቢን፣ ለበን፣ ምንሽር። «ውጅግራ» የፈረንሳዩ የግራ ጠመንጃ ስም በአማርኛ አንደበት ሲለወጥ የተገኘ ነው። ስሙ ራሱ መሣሪያው ከየት እንደመጣ ይናገራል። አንድ ሽማግሌ «አያቴ በውጅግራ ነበር የሚተኩሰው» ካላችሁ በ1874 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ስለታወቀ መሣሪያ እየነገራችሁ ነው፤ ያንን ቃል እንዳለ ጻፉት፤ «በድሮ ጠመንጃ» ብላችሁ አትተርጉሙት።

ስድስተኛውና ዋናው፣ ስለ ዋጋው ከማውራታችሁ በፊት ስለ ሰውየው ጠይቁ። ከላይ ያልኋቸው አምስቱ በመጽሐፍና በማጉያ መስተዋት ሊከናወኑ ይችላሉ፤ ዛሬ ባይሠሩ ነገ ይሠራሉ። ስድስተኛው ግን ተናጋሪው በሕይወት ሳለ ብቻ የሚሠራ ነው።

ገበያው፣ ሕጉና እኛ

አሮጌ ሜዳይ ገበያ አለው። በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ባሉ ሱቆች ከመስቀሉና ከማሪያ ቴሬዛ ብር ጎን ተደርድሮ ይታያል። ብዙው የመጣው ከችግረኛ ቤተሰብ ሣጥን ነው። የዘውዱ ሥርዓት ከወደቀ በኋላ የንጉሡን ምስል የያዘ ነገር በቤት ማቆየት ያስፈራ ስለነበር አንዳንዱ ተቀበረ፣ አንዳንዱ ቀልጦ ጌጥ ሆነ፣ የተረፈውም ስለ ባለቤቱ መናገር በቀረበት ቤት ውስጥ ቆየ። ልጆቹ አያውቁትም፤ ስለዚህ ይሸጡታል።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ሕጉ አስፈላጊ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ይሁን እንጂ ሕግ ዕቃውን በድንበር ላይ ሊያስቆመው ይችላል፤ ታሪኩን ከሰው ልብ ሲጠፋ ሊያስቆመው አይችልም። ሰብሳቢዎችንም ሁሉ መኮነን አይገባኝም። ሜዳይን ከነቤተሰቡ ቃል መዝግቦ የያዘ ሰብሳቢ፣ ዕቃውን ያለ ስም በመስተዋት ሣጥን ካስቀመጠ ተቋም የተሻለ አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል። ልዩነቱ ያለው በመዝገቡ ላይ ነው።

«ድሀ ቤተሰብ ሜዳዩን ሸጦ ልጁን ቢያስተምርበት ምን ነውር አለው?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ነውር የለበትም። እኔ በበቆሎ ዋጋ ኮከቡን የሰጡትን እናት የምወቅስበት አፍ የለኝም። ይልቁንም የምጠይቀው፣ እኛ የተማርን ነን የምንል ሰዎች ዕቃው ከቤት ከመውጣቱ በፊት ቃሉን መዝግበን ነበር ወይ ብዬ ነው። የአፍሪካ ኮከብ በብዙ ሺዎች ተሠርቷል፤ ዛሬም ገንዘብ ያለው ሰው ሊገዛው ይችላል። የዚያች እናት «አባቴ በጣሊያን ጊዜ ያገኘው ነው» የምትለው ዓረፍተ ነገር ቀጣይ ግን የነበረው በአንድ ሰው ዘንድ ብቻ ነው፤ ያቋረጥሁትም እኔ ነኝ።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ አንድ ሥራ እሰጣለሁ። በዚህ ዕረፍት ወደየቤታችሁ፣ ወደ ኢታንግ፣ ወደ አቦቦ፣ ወደ ጂካዎ፣ ወደ መንገሺ ስትሄዱ ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁ። ሜዳይ ካለ የፊቱንና የጀርባውን ፎቶግራፍ አንሡ፣ ዕቃውን ግን ለባለቤቱ መልሱ። የተናጋሪውን ድምፅ በራሱ ቋንቋ፣ በአኙዋ፣ በኑዌር፣ በመዠንግር፣ በኦፖ ወይም በኮሞ ቅዱ፤ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል። ሜዳይ ከሌለም ጠይቁ፤ ተዋግቶ ሜዳይ ያልደረሰው ሰው ታሪክ ከሜዳዩ አያንስም። ከሁሉም በላይ አታቋርጡ።

ጥያቄዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ፤ በቤታችሁ ያለ ሜዳይ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁም ከስብሰባው በኋላ እዚሁ እቆያለሁ። ማጉያ መስተዋትና ማስታወሻ ደብተር ይዣለሁ፤ መጀመሪያ የምከፍተው ግን ደብተሩን ነው።